ሃኖይ ከሁለት ልጆችና ከአንድ አያት ጋር፦ የት እንውሰዳቸው?

ጉዞ_ከነጓዙ | ታኅሣሥ 20፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። አየር መንገዳችን ባለፈው ሐምሌ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ባለቤቴ እንቅልፍ አጥቷል። ዘንድሮ ዓመት ፈቃዱን እዚያ ካላሳለፍኩ ብሏል። የምንሄደው እኔ፣ እሱ፣ የ8 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ4 ዓመት ወንዱና እናቴ ነን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ጾም ደግሞ በሞቷ አትሽርም።

ኢንተርኔቱ ሁሉ «ሃሎንግ ቤይ» (ደሴቶች የሞሉበት የባሕር ወሽመጥ) ይላል። በመርከብ ማደር ከትንሹ ልጄ ጋር አይታሰብም፤ ሐዲድ ላይ የተለቀቀ ባቡር ነው። እኔ የምፈልገው እዚያው ከተማው ውስጥ ልጆች የሚደሰቱበት ቦታ ነው። ያሰብነው ከየካቲት 6 እስከ 14 ነው። ሻንጣ ውስጥ ቁምጣና ካናቴራ ብቻ ብንይዝ ይበቃል አይደል?

ሃኖይ_ነዋሪ | ታኅሣሥ 20

እህቴ፣ ትኬቱን ካልቆረጣችሁ እባክሽ ቀኑን ቀይሩት።

ዘንድሮ የቬትናሞች አዲስ ዓመት፣ ቴት የሚባለው፣ የካቲት 10 ላይ ይውላል። ቴት ማለት እንቁጣጣሽም ፋሲካም አንድ ላይ የመጡ በሉት። ሰው ሁሉ አገሩ ይገባል። ሱቅ ይዘጋል፣ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ሙዚየም ይዘጋል። ሦስት አራት ቀን ከተማው ፀጥ ይላል። ለእኔ ለነዋሪው ገነት ነው። የራበው ልጅ ይዞ ለሚዞር እንግዳ ግን መከራ ነው። በዚያ ላይ የካቲት 9 ዐቢይ ጾም ይገባል። እናትሽ ምን ሊበሉ ነው?

ከጥር 22 እስከ 30 ብትመጡ ጥሩ ነው። የቴት ሽር ጉድ ጀምሯል፣ ግን ሁሉም ክፍት ነው። ልጆቹ ትልልቅ የብርቱካን መሳይ ዛፍ (ኩምኳት ይሉታል) በሞተር ሳይክል ጀርባ ታስሮ ሲሄድ ያያሉ። ዛፉ እንጂ ሾፌሩ አይታይም። ልጅሽ ስንት ዛፍ እንዳየች ትቁጠር፣ ነፃ መዝናኛ ነው።

ቁምጣውን ተዪው። ሃኖይ በዚያ ወቅት ብርድ ነው። ቀን 17፣ 18 ዲግሪ አካባቢ፣ ከዚያ በታችም ይወርዳል። ካፊያው ቀኑን ሙሉ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ቤቶቹ ማሞቂያ ስለሌላቸው ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። የምታስቢው የሞቀ ቬትናም ደቡብ ነው፣ ሳይጎን። ጃኬትና ካልሲ ያዙ።

ሸገር_ቦይ | ታኅሣሥ 20

ከልጅ ጋር ከሆነ ምንም አትጨናነቁ። ሎቴ ሞል ግቡ፣ ምዕራብ ሐይቅ አጠገብ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተ። ውስጡ ትልቅ የአሳ ማሳያ አለ፣ ሻርክ ምናምን በጭንቅላታችሁ ላይ ያልፋል። ምግብ አለ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አለ፣ ሊፍት አለ። አያትም ቁጭ ይላሉ። አበቃ።

ሃኖይ_ነዋሪ | ታኅሣሥ 20

ሸገር፣ ሞል ለማየት ዘጠኝ ሰዓት ምናምን ይበረራል እንዴ? ለዝናብ ቀን ይሁን፣ አልቃወምም።

ለልጆች ሃኖይን ሃኖይ የሚያደርገው መሃል ከተማ ያለው የሆዋን ኪየም ሐይቅ ነው። ስሙ «የተመለሰው ሰይፍ» ማለት ነው። ታሪኩን ከመሄዳችሁ በፊት ንገሯቸው። ሌ ሎይ የሚባል ሰው ከቻይናዎቹ ከሚንግ ጋር ሲዋጋ ተአምረኛ ሰይፍ አገኘ። አሸነፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1428 ነገሠ። አንድ ቀን በጀልባ ሲንሸራሸር ከሐይቁ ኤሊ ብቅ ብሎ «ሰይፉን መልስ» አለው። መለሰ። ይኼን የሰማ ልጅ ሐይቁን ሲያይ ዓይኑ ውሃው ላይ ይተከላል።

ኤሊ ደግሞ ተረት ብቻ አይደለም። እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ ሐይቁ ውስጥ ግዙፍ ኤሊ ይኖር ነበር። ሲሞት 169 ኪሎ ይመዝን ነበር። አሁን በቀዩ የእንጨት ድልድይ ተሻግራችሁ በምትገቡበት በንጎክ ሶን ቤተ መቅደስ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል። ከጎኑ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1967 የሞተው አለ። መግቢያው ርካሽ ነው፣ ድልድዩም አጭር ስለሆነ ለጉልበት አይከብድም።

ዋናው ነገር ግን ዓርብ ማታ ከ1 ሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት በሐይቁ ዙሪያ ያሉት መንገዶች ለመኪናና ለሞተር ዝግ ናቸው። ያ ሁሉ አስፋልት የልጆች ይሆናል። በባትሪ የሚሄዱ ትንንሽ መኪኖች ይከራያሉ። አረፋ የሚነፋ፣ ገመድ የሚዘል፣ ገመድ የሚጓተት፣ በቀርከሃ መሃል የሚጨፍር አለ። ሆቴላችሁን ለሐይቁ ቅርብ አድርጉና ቅዳሜና እሑዱን አደራ እዚያ አሳልፉ።

ጉዞ_ከነጓዙ | ታኅሣሥ 21

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑን ጥር 22 አደረግነው። ባለቤቴ ትንሽ አኩርፏል፣ ቴትን ማየት ፈልጎ ነበር።

ጋሪ ልያዝ? ትንሹ ቶሎ ይደክመዋል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ታኅሣሥ 21

ጋሪ አትያዢ! እኔ ከአሜሪካ ድረስ ጎትቼ ሄጄ አንድ ቀን ነው የተጠቀምኩበት። የአሮጌው ሰፈር የእግረኛ መንገድ የእግረኛ አይደለም። ግማሹ የሞተር ማቆሚያ ነው፣ ግማሹ የሾርባ መሸጫ። ጋሪውን አንስተሽ፣ አስቀምጠሽ፣ አንስተሽ ወገብሽ ይቆረጣል። ነጠላ ወይም ማዘያ ይሻልሻል። አራት ዓመት ከብዶሽ ከሆነ አባቱ ትከሻው ላይ ያውጣው።

መንገድ ማቋረጥን በተመለከተ። ሞተሮቹ አይቆሙም። አንቺ ቀስ ብለሽ፣ ሳትሮጪ፣ ሳትመለሺ፣ በአንድ ፍጥነት ትሄጃለሽ። እነሱ እንደ ውሃ በጎንሽ ያልፋሉ። ልጆቹን እጅ ለእጅ። ድንገት መቆምና ወደ ኋላ መመለስ ነው አደጋው። የመጀመሪያውን ቀን ከአንዲት አሮጊት ጎን ተለጥፌ ነው የተሻገርኩት፣ ዞር ብላ ሳቀችብኝ።

ሌላ አንድ ነገር ላንሳ። ሰዎቹ ልጅ ይወዳሉ፣ በጣም። ጉንጭ ይቆነጥጣሉ፣ ፀጉር ይነካሉ፣ ፎቶ ይለምናሉ። የእኔ ሴት ልጅ በሹሩባዋ ምክንያት ሰለቻት፣ በሦስተኛው ቀን አለቀሰች። ተንኮል የለበትም፣ ግን ልጁ ካልፈለገ አልፈለገም። «ኾም» ማለት አይሆንም ነው። አስተምሪያት። ፈገግ ብላ ስትላቸው ይተዋሉ።

አቡ_ሰሚር | ታኅሣሥ 22

ከዱባይ ነው የሄድነው፣ ሦስት ልጆች ይዘን። ሙስሊም ቤተሰብ ካለ እንዲጠቅመው ልበል፦ በሃኖይ ያለው መስጊድ አንድ ነው፣ አን ኑር፣ አሮጌው ሰፈር ሃንግ ሉዎክ መንገድ ላይ። ለጁምዓ ገብተን ከስንት አገር የመጣ ሰው አገኘን። ቴት ሲቃረብ ያው መንገድ የአበባ ገበያ ይሆናል፣ ልጆቹን ከሶላት በኋላ እዚያው አዟዙሯቸው። ከተማው ውስጥ የአሳማ ሥጋ ብዙ ስለሆነ «ዶሮ ነው» ሲሏችሁ መረቁ የምን እንደሆነም ጠይቁ።

ገንዘብ ላይ ተጠንቀቁ። 20 ሺህ ዶንግና 500 ሺህ ዶንግ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ማታ በደብዛዛ መብራት አንድ ናቸው። እኔ ለሪክሾ ሳይክል (ሲክሎ ይሉታል) 20 ሺህ ጉርሻ የሰጠሁ መስሎኝ 500 ሺህ ሰጠሁ። ወደ 20 ዶላር ነው። ሰውዬው እስከ ሆቴል በር አጅቦን ሰገደልን። ኋላ ነው የገባኝ። አምስት መቶውን ለብቻ ኪስ አድርጉት። የሲክሎ ዋጋ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ለሰው ነው ወይስ ለሳይክሉ የሚለውን ጭምር።

የቤት_ሥራ_አባት | ታኅሣሥ 22

አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ስለ አየሩ ማንም አይነግራችሁም። ሃኖይ በብርዱ ወራት ጭስና ጉም ይተኛባታል፣ ከዓለም በአየር ብክለት ከሚጠሩት ከተሞች ውስጥ የምትገባባቸው ቀናት አሉ። የእኛ ልጅ በሁለተኛው ቀን መሳል ጀመረ። የልጅ መጠን ያለው ጥሩ ጭምብልና መንፊያውን ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ስልክ ላይ የአየሩን ሁኔታ ጠዋት እያዩ መጥፎ ሲሆን ቤት ውስጥ ያለ ነገር ማድረግ ነው። የሸገር ቦይ ሞል ያን ቀን አሪፍ ነው።

ሸገር_ቦይ | ታኅሣሥ 22

አልኳችሁ።

ጉዞ_ከነጓዙ | ጥር 3

የመጀመሪያ ረቂቄ ይኸው። ዓርብ መድረስ፣ ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ፣ ሰኞ የብሔረሰቦች ሙዚየም፣ ማክሰኞ የውሃ አሻንጉሊት ቲያትር፣ ረቡዕ የሆ ቺ ሚን መቃብርና የባቡር መንገዱ ካፌዎች፣ ሐሙስ ሞል። እናቴ ከሰኞ ጥር 25 እስከ ረቡዕ ነነዌን ትጾማለች። ምን ትላላችሁ?

ሃኖይ_ነዋሪ | ጥር 3

ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው። ማክሰኞ አድርጊው። የሆ ቺ ሚንን መቃብር ከትንሹ ጋር አልመክርም። ጠዋት ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ውስጥ ማውራት የለ፣ እጅ ኪስ መክተት የለ፣ ወታደር ያያችኋል። ያንን ልጅ እንዳቀረብሽልኝ ከሆነ መሪውን ይቀሰቅሳቸዋል።

የባቡር መንገዱ ካፌ ደግሞ ይቅር። ባቡሩ ከቤቶቹ ግድግዳ በክንድ ርቀት ነው የሚያልፈው። መንግሥትም ደጋግሞ ዘግቶታል። የአራት ዓመት ልጅ ይዞ ሐዲድ ላይ ሻይ መጠጣት ለእኔ አይገባኝም። ፎቶው ያምራል፣ እሱን አልክድም።

በምትኩ ባት ቻንግ የሚባል የሸክላ መንደር አለ፣ ከመሃል ከተማ 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ከቀይ ወንዝ ማዶ። ልጆች የሚሽከረከረው ጎማ ላይ ጭቃ አድርገው ራሳቸው ሲኒ ይሠራሉ። ርካሽ ነው፣ የሚቸኩል ሰው የለም። የመቀየሪያ ልብስ ያዢ።

ለቲያትሩ ትኬት ቀደም ብለሽ ቁረጪ፣ ታንግ ሎንግ የሚባለው ከሐይቁ ዳር ነው። ፊት ለፊት ያሉትን ረድፎች። ወንበሮቹ ብዙም ተዳፋት ስላይደሉ ከኋላ ልጅ የሚያየው የሰው ማጅራት ነው። 50 ደቂቃ ያህል ነው፣ ቋንቋው ቬትናምኛ፣ ግን ማንም ቋንቋ አይፈልግም።

የእናትሽ ነገር ደግሞ ሞልቷል። ሁለት ቃል ጽፈሽ ስጫቸው፦ «አን ቻይ»። ከሥጋ የጸዳ ምግብ እበላለሁ ማለት ነው። ቡድሂስቶቹ የጨረቃ ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ይጾማሉ። ቆጥሬ አየሁት፣ የነነዌ ሰኞ በእነሱ አቆጣጠር 15ኛው ቀን ነው። ያን ቀን የቻይ ምግብ ቤቶች በሰው ይጨናነቃሉ። ቻይ ካልተባለ ግን ጎመንም ቢሆን የአሳ መረቅ፣ ንዎክ ማም፣ ሊገባበት ይችላል። እንቁላልና ወተትም አንዳንዴ ያስገባሉና ጠይቁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ጥር 3

ቪዛውን ኦንላይን ነው የሚሞላው፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር። የልጆቹም ለየብቻ ነው። ስማቸው እንደ ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ይሁን፣ የእኛ የአባት ስም የአያት ስም ጣጣ ታውቂው የለ። የቢጫ ወባ ካርዱንም አትርሺ።

ጉዞ_ከነጓዙ | የካቲት 4

ተመለስን! ቃል የገባሁትን ሪፖርት ይኸው፣ ረዘም ይላል።

ከአየር ማረፊያው ብርቱካናማውን 86 ቁጥር አውቶቡስ ያዝን፣ አሮጌው ሰፈር ድረስ ወሰደን። ሆቴሉ እንደ ክብሪት ሣጥን ቆሞ የተሠራ ነው፣ ወርዱ ጠባብ፣ ቁመቱ ሰባት ፎቅ። ሊፍት እንዳለው ቀድሜ ባልጠይቅ ኖሮ እናቴ እስካሁን እዚያ ነበረች። ሲያስይዙ «የቤተሰብ ክፍል» ያሉን ግን ሁለት አልጋና መስኮት የሌለው ግድግዳ ነበር። ተጨቃጭቀን ተለወጠልን።

ትንሹን ልጄን ምን አስደሰተው? ወንበር። መንገድ ዳር የሚበላባቸው ትንንሽ ፕላስቲክ ወንበሮች። ሰው ሁሉ፣ ክራባት ያሰረ አዋቂ ሳይቀር፣ በእሱ ልክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይበላል። ቤት ውስጥ ሁለት ጉርሻ አሳድደን የምናጎርሰው ልጅ እዚያ ተቀምጦ አንድ ሳህን ፎ ጨረሰ። ፎ ቅመሙ አይበረታም፣ ሩዝ ፓስታ በሾርባ በሉት። ቃሪያው ለብቻ ነው የሚመጣው። ሴቷ ደግሞ ቡን ቻ ወደደች። የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ መሆኑን ለእናቴ አልነገርኩም፣ እናንተም አትንገሩ።

የውሃ አሻንጉሊቱ ግሩም ነበር። ድራጎኖች ከውሃ ውስጥ እሳትና ውሃ ይተፋሉ። አሻንጉሊቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ከቀርከሃ መጋረጃ ኋላ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ልጆቹ ይኼን ያወቁት መጨረሻ ላይ ሰዎቹ እርጥብ ሆነው ሲወጡ ነው። ሴቷ ልጄ «ስለዚህ ውሃው ውስጥ ዝም ብለው ነው የቆሙት? ሳይበርዳቸው?» ብላ እስከ ሆቴል ጠየቀችኝ። ከሺህ ዓመት ግድም በፊት በሩዝ ማሳ የጀመረ ነው አሉን። ሌ ሎይና ኤሊውም መጡ። ነዋሪ፣ ተረቱን ቀድመን በመንገራችን ልጆቹ ጮኹ። ትንሹ ርችቱ ሲፈነዳ ብብቴ ሥር ገባ፣ ፈሪ ልጅ ካለ ይታሰብበት።

የብሔረሰቦቹ ሙዚየም ውስጡ ለትልቋ ነው፣ ግቢው ለሁሉም። ቬትናም 54 ብሔረሰብ አላት፣ እኛ ከ80 በላይ ስላለን ልጄ ተኩራራች። ግቢው ውስጥ የእውነት ቤቶች ተሠርተዋል፣ መውጣት መግባት ይቻላል። የባና ሕዝብ የስብሰባ ቤት ጣራው ሰማይ ይነካል፣ ወደ 19 ሜትር ነው፤ መወጣጫው የተፈለፈለ ግንድ ነው። ልጄ እንደ ጦጣ ወጣ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የዣራይ መቃብር ቤት የሚባል አለ፣ ዙሪያውን የተቀረጹት ምስሎች ሰው እንዴት እንደሚወለድ ምንም ሳይደብቁ ያሳያሉ። እናቴ ነጠላዋን በልጆቹ ዓይን ላይ ጣል አድርጋ «እንለፍ፣ እንለፍ» ብላ ነዳቻቸው። ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቅቶት ዛፍ ሥር ቀረ።

ሰኞ ለነነዌ የቻይ ምግብ ቤት ሄድን። እውነትም ጢም ብሏል። ምግቡ ሲመጣ እናቴ ሳህኑን ገፋችው። «ይኼ ሥጋ ነው፣ ቁርጥ አድርገው ነው ያመጡት።» ከአኩሪ አተር የተሠራ ነው፣ ሥጋ አስመስለውት ነው ብለን ብንምል ብንገዘት አላመነችም። ነጭ ሩዝና ጎመን በላች። ሐሙስ ጾሙ ሲወጣ በእንቁላል የሚመታውን የሃኖይ ቡና ቀመሰች። ጦርነት ላይ ወተት ሲጠፋ በእንቁላል የተካው ሰው ፈጠራ ነው ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1946። እሷም አጣጥማ «ጥሩ ኬክ ነው። ቡናው መቼ ይመጣል?» አለች።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር፣ የሊ ታይ ቶ ሐውልት አካባቢ፣ ልጆች መሬት ላይ በጠመኔ ሣጥን ሠርተው ጠጠር ይጫወታሉ። በአንድ በኩል አምስት ሣጥን፣ በሌላው አምስት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ግማሽ ክብ። ጠጠሩን ከአንዱ አፍሶ በየሣጥኑ አንዳንድ መጣል። እናቴ ቆመች። «ገበጣ!» አለች። ኦ አን ኳን ይሉታል። ሕጉ ከእኛው ትንሽ ይለያል፣ ጫፎቹ ላይ ያሉት ትልልቅ ጠጠሮች የንጉሥ ሹም ናቸው፣ ሁለቱም ሲወሰዱ ጨዋታው ያልቃል፣ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ነው የሚያሸንፈው። ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ መሬት ላይ ቁጭ አለች! አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ በጣቷ እያሳየች አስተማረቻት። የመጀመሪያውን ተሸነፈች። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር፣ አሸነፈች፣ ጭብጨባ ሆነ። ዓርባ ደቂቃ ተቀምጣ ለማስነሳት ሁለት ሰው አስፈለገ። እሑድ ማታ ራሷ ናት «ወደዚያ ሐይቅ አንሄድም?» ያለችው።

ሃኖይ_ነዋሪ | የካቲት 4

እዚህ ሦስት ዓመት ስኖር በዚያ ጨዋታ አጠገብ በየሳምንቱ አልፋለሁ። ገበጣ መሆኑን አላየሁም። አፈርኩ።

ሸገር_ቦይ | የካቲት 4

ሞሉስ?

ጉዞ_ከነጓዙ | የካቲት 4

ሐሙስ ከሰዓት ዝናብ ሆነና ሄድን። አሳዎቹ ያምራሉ፣ ፔንግዊኖቹም። ግን ለአምስት ሰው ትኬቱ የሳምንቱን ሌላ መግቢያ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ትንሹ እዚያ የጠየቀው «ትንንሾቹ ወንበሮች የት አሉ?» ብቻ ነው።

አቡ_ሰሚር | የካቲት 5

አምስት መቶውን ለይታችሁ ያዛችሁ?

ጉዞ_ከነጓዙ | የካቲት 5

ለይተን ነበር። ባለቤቴ ለይቶ ያስቀመጠበትን ኪስ ረስቶ ባት ቻንግ ላይ ሁለት ሰዓት ፈለግን። ጫማው ውስጥ ነበር። ሲኒዎቹ በደህና ደርሰዋል፣ አንዱ ብቻ ጆሮው ተሰብሯል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | የካቲት 5

ፀጉሩስ? ሴቷ አልተማረረችም?

ጉዞ_ከነጓዙ | የካቲት 5

«ኾም» ሠርቷል። እንዲያውም አሁን ቤት ውስጥ ለእኔም ትለኛለች፣ «የቤት ሥራሽን ሥሪ» ስላት።

የቤት_ሥራ_አባት | የካቲት 5

ያን ፕላስቲክ ወንበር እዚህ መርካቶ አይቻለሁ ልበል? ለልጄ ልገዛለት ነበር።

ጉዞ_ከነጓዙ | የካቲት 5

እኛ ከእዚያው ሰማያዊ አንድ ገዝተን መጣን። ሻንጣ ውስጥ አልገባ ስላለ አውሮፕላን ላይ በእጃችን ይዘነው ገባን። ትናንት ማታ ጓሮ ሄጄ ብመጣ እናቴ ተቀምጣበት ሽሮ ታማስላለች። ልጁ አጠገቧ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።